ተራዋን የምትሰጠው ሴት

ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚያስኬደው የማለዳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራውን በፈቃዱ የሚለቅ ሰው አለ ቢሏት፣ ጵርስቅላ አታምንም ነበር። ዛሬ ግን ከፊቷ የቆመችው ሴት ታክሲ በመጣ ቁጥር ከኋላዋ ያሉትን ታሳልፋለች። ላፕቶፗን በግራ ክንዷ ላይ እንደ ትሪ ዘርግታ ይዛለች። ከሹራቧ ሥር የቤት ቀሚስ ይታያል፤ በዚያ ብርድ ያጠለቀችው ነጠላ ጫማ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ሥራ ጠላሽ እንዴ?" አሏት አንዲት እናት እያለፏት።

"ኧረ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ! ቤት ኔትወርክ የለም፤ ከዚህች የኔትወርክ ምሰሶ ከራቅኩ ይቋረጣል።"

ጵርስቅላ ሳታልፋት ቀረችና ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደሚጽፉ ነገረቻት። ማን ምን እንደለወጠ በጋራ ማኅደራቸው ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙ ግን እስከ ዛሬ የሚሠራው በእሷ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር "ኮንቴይነር" በሚሉት፣ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚከፈት አንድ ጥቅል አድርጋ እየላከችላቸው ነው።

"አባቴ ነገ ሆስፒታል ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እሱ አጠገብ ነኝ" አለች ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። "ፕሮግራሙ ያለ እኔ መሥራት አለበት።"

የሴትየዋ ስልክ ጠራ፤ ከጓደኞቿ አንዱ ነበር።

"ሠራ? አንተም ጋ? ናዲያ ጋስ?" መልሱን አዳመጠች። ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቀች።

ታክሲ መጣ። ጵርስቅላ ገብታ ቦታ ልትይዝላት ስትዞር፣ ሴትየዋ ሰልፉን ትታ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ እየተመለሰች ነበር። ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቋታል። ከታች ሆና ላፕቶፑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።