ስድስተኛው ጭብጨባ ላይ

ከድንበሩ ማዶ፣ ማንያታ ሰፈር ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ተረት ለመስማት ጋሽ ታደለ ግቢ እንሰበሰብ ነበር። ጋሽ ታደለ ከአገር ቤት በስደት ከመምጣታቸው በፊት በአንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ጭፈራ ይመሩ ነበር፤ እኛ ስናውቃቸው ግን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጂኮው፣ የከሰል ምድጃው፣ ውስጥ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ጅብና ቀበሮ የሚዘፍኑበትን ተረት ያወሩልናል፤ አዝማቹ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብለው ጣታቸውን ብድግ ሲያደርጉ ሁሉም ይቀበላል። እኔ በልቤ ብቻ ነበር የምቀበለው።

የልጃቸው ሠርግ ሲቃረብ፣ በሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት ተቁሞ የሚጨፈር ጭፈራ ያስተምሩን ጀመር። አሥራ ሦስት ልጆች ነበርን። አሥራ ሁለቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲቆሙ እኔ ተረፍኩ፤ እሳቸውም ድምፃቸው ስለደከመ «ወደ መሃል ግቡ»፣ «ተያይዛችሁ ዙሩ»፣ «ወደ ማዶ ተሻገሩ» እያልኩ እንድጠራ አደረጉኝ። ጥሪውን ካሳመርኩ ልጆቹ ከእነሱ እንደ አንዷ ይቆጥሩኛል ብዬ ደስ አለኝ።

ግን ሰው ሳይጨርስ መናገር ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ዞረው እስኪጨርሱ ጠብቄ «ተሻገሩ» ስል፣ ግማሾቹ ቆመው ቀሩ፤ ግማሾቹ ተጋጩ። የጎረቤታችን ልጅ ሃዋ ግንባሯን እያሻሸች፣ «ይቺ ፖሌ ፖሌ፣ ነገ ነው የምትደርሰው» አለች፤ በስዋሂሊ «ቀስ በቀስ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስሜ ፖሌ ፖሌ ሆነ።

ጋሽ ታደለ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ እስኪጨርሱ አትጠብቂ» አሉኝ። «እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስምንት ጭብጨባ ነው። ስድስተኛው ላይ ጥሪ፤ ቃሉ ጆሯቸው ገብቶ እግራቸው እስኪደርስ ሁለት ጭብጨባ ይፈጃል። እየለመዱት ሲሄዱ ደግሞ ቃሉን አሳጥሪና በኋላ ዝም በይ።»

በሠርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከኦዳ መንደር የመጡ እንግዶች ሳይቀሩ ከበውን፣ ስድስተኛው ላይ ጠራሁ። ሰልፎቹ ሳይነካኩ ተላለፉ። በሁለተኛው ዙር «ማዶ» ብቻ አልኩ፤ በአራተኛው ዝም አልኩ። ሃዋ እየሳቀች አጠገቤ አለፈች። ማንም ወደ እኔ አልዞረም።

«ጋሼ፣ አሁን ልግባ?» አልኳቸው።

ሰልፉን አዩት። «ጥንድ ናቸው፣ ልጄ» አሉኝና አጠገቤ ቆመው ያጨበጭቡ ጀመር። እሳቸውን አንድም ቀን ሲጨፍሩ አይቻቸው እንደማላውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ዳር ይዤ ነበር የምቀመጠው። የተረቶቹን መጨረሻ ዛሬ ረስቻለሁ። የቀረልኝ፣ በዚያ ሠርግ እኔና ጋሽ ታደለ ግድግዳ ተደግፈን ለሌሎች ስናጨበጭብ እጃችን እኩል ያርፍ እንደነበር ነው።