መጋረጃው

አንዲት ሴት በየቀኑ አውቶቡሱ ላይ በሐይቁ በኩል ያለችውን የመስኮት ወንበር ለመያዝ ስትል ሰውን ሁሉ በክርኗ እየጎሸመች ትሳፈራለች። አውቶቡሱ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ግን መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ትዘጋዋለች።

ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል ግድግዳ ስታይ የምትውል አንዲት ነርስ ዛሬ ከጎኗ ተቀምጣ ቅናቱ አላስቻላትም።

«እህቴ፣ ለማታዪው ነገር ወንበሩን ለምን ትይዥብናለሽ?»

«ምኑን ልየው?» አለች ሴትየዋ፣ የሻርፗን ጫፍ እየጠመዘዘች። «ባሌ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከዚህ ሐይቅ ዳር አይጠፋም። ዓሣ ላጥምድ ይላል፤ አንድ ቀን ዓሣ ይዞ አያውቅም! ቤት ሲገባ አፉ ይለጎማል። ጣውንቴ ሴት ብትሆን እኮ ፀጉሯን እነጭላት ነበር።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሴትየዋ ግን መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ከሐይቁ ዳር ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ብቻውን ተቀምጧል፤ መንጠቆው መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«አየሽልኝ?» አለች፣ ድምጿ እየሰለለ። «ሐይቁን ያዋየዋል።»