የተዋሱት ፊደል

ጂንካ ላይ የያዙኝ ከክፍል አስወጥተው ነው። የታሪክ መምህር ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ስብሰባ ላይ ስለ ገበሬዎች መሬት አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላነሳብኝም። የተነሳው የትምህርት ማዘጋጃ ደብተሬ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ መርማሪው፣ ጣቱን ሦስት የቻይና ምልክቶች ላይ አድርጎ።

«ሰው፣ ተራራ፣ ወንዝ ማለት ነው። የቻይና ባህል በጎረቤቶቿ ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ ሳስተምር ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«ኮድ ነው» አለና ጻፈ።

የታሰርኩበት ክፍል በስድስት እርምጃ ያልቃል። የጣሪያው ቆርቆሮ ከረፋድ ጀምሮ በሙቀት ይንጣጣል። እኔ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ፤ በሩ ኮሽ ሲል ስሜ የተጠራ ይመስለኛል። አብረውኝ የነበሩት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የአሪ ብሔረሰብ ገበሬ ናቸው። እርሻቸው ላይ የተተከለውን የመሬት መለኪያ ችካል ነቅለሃል ተብለው ነው የታሰሩት።

«ኧረ ተቀመጥ መምህር፣ ራሴን አዞርከው» አሉኝ በሁለተኛው ቀን። «የምታስተምረውን ለእኔም ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ኮሪያዎች፣ ጃፓኖችና ቬትናሞች ጽሕፈትን ከቻይና መዋሳቸውን፤ ሕጉም፣ የሃይማኖት መጻሕፍቱም በዚያው ጽሕፈት እንደገቡላቸው።

«የራሳቸው ቋንቋ ጠፋ ታዲያ?»

«አልጠፋም፣ አባባ። ቤት ውስጥ በራሳቸው ያወራሉ። መዝገቡ ግን በሌላ ነው።»

ሳቅ አሉ። «እንደ እኛ ቀበሌ ነዋ!»

«በኋላ ጃፓኖቹ ምልክቶቹን አቅልለው ለራሳቸው ድምፅ አበጇቸው። ኮሪያ ውስጥ ደግሞ አንድ ንጉሥ፣ ተራው ሰው ቶሎ እንዲማረው ብሎ አዲስ ፊደል አወጣ። ሊቃውንቱ ተቃወሙት።»

«ለምን?»

«ሁሉም ከጻፈ እነሱን ማን ይፈልጋቸዋል?»

ከዚያ ከግድግዳው የረገፈ የኖራ ቁራጭ አንስተው ሰጡኝ።

«የእኔን ስም ጻፍ እስቲ።»

ስማቸው ውስጥ በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። በመጨረሻ አንዷ ፊደል አናት ላይ ጭረት ጨመርንላት። ሁለት ቀን ሙሉ ሲሚንቶው ላይ ሲጽፉና በመዳፋቸው ሲያጠፉ ዋሉ። እኔ መመላለሴን አልተውኩም።

በአምስተኛው ቀን ሁለታችንንም ወደ ቢሮ ጠሩን። መርማሪው አንድ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ።

«ጣትህን።»

«አንብብልኝ።»

አነበበላቸው። ችካሉን ነቀልኩ፣ ሰዎች አነሳሱኝ ይላል።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አሉ ረጋ ብለው። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስተው ግራ መዳፋቸው ላይ ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉና አሳዩት። «ያልኩትን ጻፍና፣ በዚህ እፈርማለሁ።»

«ይሄ ጭረት ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኛ እንደዚያ ነው የምንጠራው።»

መርማሪው የቀለሙን ክዳን ገጠመ። እሳቸውን ወደ ክፍሉ መለሷቸው። እኔን ያን ዕለት ለቀቁኝ። እሳቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ ተፈቱ።

እኔ የተለቀቅኩት ቀድሜ ስለፈረምኩ ነው። በያዙኝ ቀን፣ ቃልህ ነው ብለው የሰጡኝን ወረቀት ሳላነብ ፈርሜያለሁ። በዚያች ክፍል አምስት ቀን አብረን ስንቆይ ይህን አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም። አሁን በጣም አርጅተዋል። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ስንገናኝ «መምህሬ!» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሱልኛል፤ እኔም የምገባበት ይጠፋኛል።