ከሰባኪው ጋር በኩታ የተቋጠርንበት ቀን

በ1912 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሰባን አልፌአለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ልጆቼ የተወለዱበትን ዓመት እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚነግረኝ። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም። ሰው ግር ብሎ ሲሮጥ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም በሬን እዘጋለሁ።

ጽሕፈት ብዙ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ እሱንም አልጨረስኩ። ያጠፋሁትን ፊደል አርሙልኝ፤ ነገሩን ግን አትለውጡብኝ።

ሥራዬ ድንጋይ ጠረባ ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ያኔ አራዳ ብቻ ነው የሚባል። አንድ አርመን ነጋዴ ከገበያው ዝቅ ብሎ ፎቅ ቤት ያሠራ ነበርና እኛ ስድስት ሆነን እንጠርብለት ነበር። እናቴ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሌላ ልጅ የላትም። የአርባ ቀን ተዝካሯን ላወጣላት ብዬ አንድ ቀን ሳላርፍ ነበር የምሠራው። መዶሻውን ባነሳሁ ቁጥር እሷን ነው የማስብ።

ሐሙስ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም አንድ ረጅም ቀጭን ሰው መጣ። ትከሻው ላይ የጨርቅ ከረጢት አንግቷል። አነጋገሩ የወለጋ ነው።

«ደኅና ዋላችሁ? ሥራችሁ ይባረክ። ከናንተ ጋር ልቀመጥ?» አለ።

«ተቀመጥ፤ ድንጋይ እንደሆነ ሞልቶናል» አለው ካሳ። ካሳ ከመካከላችን ቀልደኛው ነው፤ አፉ አያርፍም።

ሰውየው ስሙ ጉዲና መሆኑን ነገረን። ቆሎ ዘገንለት፤ በላ። ከዚያ ከከረጢቱ መጽሐፍ አወጣና «ወንጌል ነው፤ ላንብላችሁ?» አለ። እኛ ወንጌል ሲነበብ የምናውቀው በግዕዝ ነው፤ ቆመን እንሰማለን፣ ትርጉሙን ግን አናውቅም። ይሄኛው በአማርኛ ነው። መንገድ ዳር ተቀምጦ ስለሚለምን አንድ ዓይነ ስውር አነበበልን። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። መንገድ ዳር የተቀመጠ ዓይነ ስውር ጊዮርጊስ በር ላይ በየቀኑ ነው የማይ፤ የማውቀው ሰው መሰለኝ።

ካሳ ግን ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም። እኔን በዓይኑ ጠቀስ አደረገና «እስቲ አንተ ሰውዬ፣ መጽሐፍህ ስለ ተዝካር ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው።

ጉዲና መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ከዚያ «በዚህ ውስጥ አላገኘሁትም። ለሞተ ሰው ድግስ ምንም አይጨምርለትም፤ የተራበውን በቁሙ እያለ ማብላት ነው» አለ።

ሌላ ነገር አልሰማሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መዶሻ ያነሳሁት ለምንም ነው ያለኝ መሰለኝ። ብድግ አልኩና አንገቱ ሥር ያዝኩት። «በሕግ አምላክ! ሃይማኖቴን ሰድበሃል! እናቴን ሰድበሃል! ወደ ዳኛ!» አልኩ።

አያ ደስታ የሚባሉ የኛ አለቃ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው። «ተው አንተ ልጅ፤ ሰውየው ተጠይቆ ነው የመለሰ» አሉኝ። እኔ ግን ካልኩ አልኩ ነው። ያኔም እንዲህ ነበርኩ፤ ዛሬም አልተሻለኝም።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ኩታቸው ይቋጠራል። ቁራኛ ይባላል። የተቋጠረ ሰው አይሮጥም፣ አይደባደብም። ቋጠሮውን ፈትቶ የሄደ በገዛ እጁ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው። የኩታዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠርኩና በጥርሴ ጭምር አጠበቅሁት። ምስክር ይሆነኛል ብዬም መጽሐፉን ከእጁ ነጠቅሁ። ጉዲና አልታገለኝም። «እሺ፣ እንሂድ» ብቻ ነው ያለኝ።

ዳኛው የሚያስችሉት ከገበያው ማዶ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር። እዚያ ለመድረስ ገበያውን መሃል ለመሃል መሰንጠቅ ነው። ገና ስንገባ በርበሬ ሻጮቹ አዩን።

«እሰይ! ሙሽሮች መጡ! ሚዜዎቹ የት ቀሩ?» አለች አንዷ።

«ሙሽራዋ የቷ ናት? ረጅሟ ናት እንዴ?» አለች ሌላዋ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። የያዝኩት ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ላሳያቸው ብዬ «ፀረ ማርያም ነው! ወደ ዳኛ እየወሰድኩት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ቃል የጮህኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስጮኸኝም። ጉዲና ስለ ማርያም አንድ ቃል አልተናገረም ነበር።

ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ቃሉ ከኛ ቀድሞ ሄደ። በጨው ሻጮቹ በኩል «ፀረ ማርያም!» ሲባል ሰማሁ። በእንጨት ተሸካሚዎቹ በኩል «ተያዘ! ተያዘ!» ሲባል ሰማሁ። ከኋላችን የእግር ኮቴ መጣ፤ ዘወር ስል መንገዱ በሰው ሞልቷል። በፊት ለፊትም መጡ። ከኋላ ያሉት ከሳሹን ከተከሳሹ አያውቁም። ከፊት ያሉትም አያውቁም። የሚያዩት ሁለት የተቋጠሩ ሰዎች ነው።

«የቱ ነው?» አለ አንድ ድምፅ።

«መጽሐፍ የያዘው ነው! በመጽሐፉ ነው ሰው የሚያሳስት!» አለ ሌላ።

መጽሐፉ ያለው በእኔ እጅ ነው።

መጀመሪያ አልገባኝም። ትከሻዬ ላይ ጓል ሲያርፍብኝ ነው የገባኝ። «እኔ ከሳሽ ነኝ! ከሳሽ ነኝ!» አልኩ።

«ሌባም ሲያዝ እንዲያ ነው የሚለው» አለ አንድ ዱላ የያዘ ጎልማሳ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። «በል፣ ክርስቲያን ከሆንክ በእመቤታችን ስም ማል!»

በሕይወቴ ሙሉ ስሟን ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። መዶሻ ጣቴን ሲመታኝ የምጠራው እሷን ነው። ያን ጊዜ ግን አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። እንደ ዲዳ «እ፣ እ» ብቻ አልኩ።

«አያችሁት? ስሟን መጥራት አቃተው!» ብሎ ጮኸ ጎልማሳው።

ከዚያ ሰዎቹ ጎንበስ ጎንበስ ሲሉ አየሁ። ከሥራችን የሚወጣውን የድንጋይ ፍንካች ለጭቃው መሙያ ብለን እዚያ መንገድ ዳር ነበር የምንደፋው። ያነሱት እሱን ነው። እኔ የጠረብኩትን። ድንጋይ ሥራዬ ነው፤ የቱ እንደሚያቆስል፣ የቱ እንደሚገድል አውቃለሁ። ድቡልቡሉን ትተው ስለታሙን ነበር የሚመርጡ። አንድ ሰው በመዳፉ እያገላበጠ የሚይዝበትን ጎን ሲፈልግ አየሁት። እስከ ዛሬ የዚያን ሰው መዳፍ አልረሳሁም።

ቋጠሮውን ልፈታ ታገልኩ። በላብ ረጥቦ ጠብቋል። ልሮጥ ስል ኩታው ወደ ኋላ ጎተተኝ። «መጽሐፉን ጣለው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ልጥለው ፈለግሁ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ወንጌል ነዋ! ጭቃ ላይ ወንጌል ጥዬ ብሞት ወዴት ልሄድ ነው? ይዤውም ሞት ነው። እግሬ ሥር ሽንቴ ሲወርድ ተሰማኝ። ይሄንን ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

ያኔ ጉዲና እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ። ነጠቀኝ አልልም፤ ሰው ከደከመ ሰው ላይ ሸክም እንደሚቀበል ነው የወሰደው። ከዚያ ሁሉም እንዲያየው ከራሱ በላይ አነሳው።

«መጽሐፉ የኔ ነው! አንባቢው እኔ ነኝ! ይሄ ልጅ ከሳሼ ነው፤ እሱን አትንኩት!» አለ።

ዝም ቢል ኖሮ እኔ ነበርኩ የምሞት። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ቃሉን ሳይጨርስ ድንጋዩ ግንባሩ ላይ አረፈ። ቡጭ ያለው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በጉልበቱ ወደቀ፤ በቋጠሮው ጎትቶ እኔንም ጣለኝ። ደሙ በሁለታችንም ኩታ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ድንጋይ ጀርባዬን መታኝ። ሦስተኛው ከጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

የበቅሎ ቃጭል የሰማሁት ያኔ ነው። ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሽማግሌ ባላባት አሽከሮቻቸውን አስከትለው ከጊዮርጊስ በኩል ሲወርዱ አየሁ። ምላሴ ከየት እንደተፈታ አላውቅም፤ «በሕግ አምላክ! ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ!» ብዬ አንባረቅሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ መንገደኛ ቆሞ መስማት ግዴታው ነው። ሽማግሌው በቅሏቸውን አቆሙ። አሽከሮቹ በዱላ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ከፈሉት።

«ከሳሹ የቱ ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ይሄን ደም ያፈሰስከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አልኩ። ሽማግሌው ብዙ አዩኝ። ከዚያ «ተነሡ፣ ዳኛው ዘንድ እወስዳችኋለሁ» አሉ።

ዳኛው ጉዲናን በደም ተነክሮ ሲያዩት ጉዳዩን በዚያ ሰዓት መስማት አልፈለጉም። «ነገ ጠዋት ትሟገታላችሁ፤ ሁለታችሁም ዋስ ጥሩ» አሉ። ለእኔ አያ ደስታ ተከትለውኝ ኖሮ ዋስ ሆኑ። ጉዲና ዙሪያውን አየ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የሚያውቀው የለም። ያነበበላቸው የኔ ጓደኞችም እዚያው ቆመው ነበር፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«ዋስ ከሌለው እግር ብረት ነው» አሉ ዳኛው።

አሽከር መጥቶ ቋጠሯችንን በቢላ ቆረጠው። ጉዲናን ሲወስዱት ዘወር አለና «ወንድሜ፣ ስለ እናትህ አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እናገር ነበር። ይቅር በለኝ» አለኝ።

እኔ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ። አንድ ቃል አልመለስኩለትም። ሰው ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ።

ይሄን ያነበበ ሰው ሃይማኖቴን የቀየርኩ እንዳይመስለው። አልቀየርኩም። የእናቴን ተዝካር በቀኑ አውጥቻለሁ፤ ካህናቱም ድኻውም በልተዋል። ያ ሰው ስለ ተዝካር የተናገረውን ያኔም አልተቀበልኩ፣ ዛሬም አልቀበልም። ሐሳቡን ሳልቀበል ነፍሴን ግን ከእጁ ተቀብያለሁ። ሰዎች «ለእምነቴ እሞታለሁ» ሲሉ ስሰማ ዝም እላለሁ። እኔ የእምነቴን ስም መጥራት ያቃተኝ ሰው ነኝ፤ ከጎኔ የተቋጠረው ሰው ግን ተናግሯል።

በማግስቱ ጠዋት ማልጄ ዛፉ ሥር ሄድኩ። ጎልማሳው ዱላውን እንደያዘ፣ ሌሎችም ብዙ ሆነው ቀድመውኝ ቆመዋል። ጉዲናን ግንባሩን በጨርቅ አስረው፣ እግሩን በብረት አድርገው አመጡት። ዳኛው «ክስህን ተናገር» አሉኝ።

«ክሴን ትቻለሁ» አልኩ።

ሰዉ አጉረመረመ። ጎልማሳው «እሱ ቢተው እኛ ከሰናል!» አለ። ዳኛውም «አዲስ ከሳሾች ቀርበዋል፤ ጉዳዩ ለበላይ ይተላለፋል። እስከዚያ ዋስ ከሌለው በብረቱ ይቆያል» አሉ።

ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ተራመድኩና ጉዲና አጠገብ ቆምኩ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቢጠፋ በሱ ፈንታ አንተ ትታሰራለህ፤ አውቀኸዋል?» አሉኝ ዳኛው።

«አውቄአለሁ። ፍቱት» አልኩ።