ከበረሃው ዋሻ የተቀዳው ውኃ

ሸጊቱ አምሐ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች። ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሳትቀር ሠርታ በ1975 ዓ.ም. ኮከብ ሠራተኛ ተባለች። ሽልማቱ ከሌሎቹ ኮከቦች ጋር በዓባይ በረሃ የሚገኝ የኖራ ድንጋይ ዋሻ መጎብኘት ነበር። እሷን ያጓጓት ግን ዋሻው አልነበረም። ከጣሪያው የሚንጠባጠብ፣ ዓይን የሚያበራ ጠበል አለ ሲባል ሰምታለች። እናቷ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ የደቅ ደሴት ቄስ ባለቤት የነበሩት፣ ዓይናቸው ደክሞ ዳዊታቸውን ማንበብ ትተው በቃላቸው መድገም ከጀመሩ ከርመዋል።

በጥር ወር ሄደው ደጀን አደሩ። ጠዋት ሁሉም ቁርስ ሲበላ እሷ እህል አልቀመሰችም፤ ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚቀዳው ብላ።

«ብዪ እንጂ፣ ጓድ ሸጊቱ!» አለ የጉዞው መሪ አስማማው።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!»

«ለእኔ ዓርብ ነው።»

«ኮከባችን እንዳትወድቅብን ብቻ» ሲል ሁሉም ሳቁ።

በረሃው ያምራል። ነጫጭ ገደሎች እንደ ጧፍ ተደርድረው ቆመዋል፤ አንድ ትንሽ ወንዝም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ግን ማን አስተውሎት! የአስተናጋጁ ኮሚቴ ንግግር እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆማቸው።

በመጨረሻ ገቡ። ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ በቀይና በአረንጓዴ አምፖል የተንጠለጠለው ድንጋይ ሁሉ ያብረቀርቃል። ሸጊቱ ጫማዋን አወለቀች።

«ጫማሽን አድርጊ፣ ሽቦ አለ!» ብሎ ጮኸባት አስማማው።

ሰልፉ ሲያልፍ ወደኋላ ቀርታ ኮዳዋን ከአንድ ድንጋይ ጫፍ ሥር ደገነች። ጠብታ በጠብታ፣ ክንዷ እስኪዝል፣ ግማሽ ሞላችው።

ደጅ ላይ ኮዳውን በነጠላዋ ስትሸፍን ክንዱ የሚባል ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ የአገሩ ሰው ተመለከታት።

«ምንድን ነው እሱ፣ እህቴ?»

«ጠበሉ ነዋ።»

«ኧረ በማርያም! እሱን እኮ ዛሬ ጠዋት እኔ ከወንዝ በአህያ አምጥቼ የረጨሁት ነው። ድንጋዩ በመብራት እንዲያበራ ተብሎ። እውነተኛው ከታኅሣሥ ወዲህ ደርቋል፤ ሐምሌ ካልገባ ጠብ አይልም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም?»

«ማን ጠየቀን?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አስማማው ነገሩን ሰምቶ መጣ።

«ውሰጂላቸው ባክሽ። በምን ያውቃሉ?»

«እኔስ አላውቅም? አፌን ሞልቼ ጠበል ነው ልበላቸው?»

ደፋችው። አውቶቡሱ ክላክስ ሲያደርግ ገባች፤ የሰጧትን ዳቦ በንዴት እያለቀሰች በላች።

ይህን ያጫወተችኝ ራሷ ናት። ከሁሉ የከፋው ግን የዚያኑ ማታ እቤት ጠበቃት። እማሆይ ፊታቸውን ታጥበው፣ በመምጫዋ ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገረቻቸው። ከተቀመጡበት ተነሡና፣

«እንግዲያ እራቴን አቅርቢልኝ፤ ርቦኛል» አሉ። ጥቂት ጎርሰውም፣ «ሐምሌ መቼ ነው ያለሽ ሰውዬው?»

ሰኞ ሸጊቱ የሐምሌ ፈቃድ ማመልከቻ ይዛ ቢሮ ገባች።

«አሁን ጎብኝተሽ መጥተሽ? ደግሞ በክረምት!» አለ ጸሐፊው። «ተራ የሚጠብቀው ስንት ነው!»

«የእኔም ከእነሱ ጋር ይቀመጥልኝ።»

እያጉረመረመ ከክምሩ ሥር ወሸቀው። «አይሆንም» ብሎ ግን አልመለሰባትም፤ እሷም ለዚህችም «ተመስገን» ብላ ወደ ማሽኗ ሄደች።