በእናቴ ማሳ ላይ ያረፈው ቀይ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ካርታ እሠራለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ እርሳስና ማስመሪያ ይመስለዋል፤ ሥራዬ ግን ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ማፍጠጥ ነው። ቡና ገዢዎች ጫካ ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አንገዛም ካሉ ወዲህ፣ መሥሪያ ቤታችን ማሳዎችን በሳተላይት ምስል ያጣራል። ዛፉ የጠፋበትን ቦታ ፕሮግራሙ ራሱ ቀይ ይቀባዋል። ቀይ የተቀባ ማሳ ቡናው ገዢ የለውም።

ባለፈው ዓመት በሸኮ በኩል ያለውን አካባቢ ስከፍት ቁልቁለቱ በሙሉ ቀልቷል። ወንዙን አወቅሁት፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ቆርቆሮ አወቅሁት። ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው የእናቴ ማሳ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

እናቴ ጫካ አልመነጠረችም። የእኛ አገር ሰማይ አብዛኛውን ዓመት ደመና ነው፤ ጥርት ያለ ምስል የሚገኘው በበጋ ነው። በበጋ ደግሞ ለቀማው እንዳለቀ ሁሉም ሰው የጥላውን ዛፍ ይመለምላል፣ ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ። ሳተላይቱ ያየው ፀጉሩን የተላጨ ዛፍ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ሞቷል ብሎ ፈረደበት። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አይበቃም። የቦታውን ወቅትና የሰዉን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጂኦግራፊ የተማርኩትም ለዚሁ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት።

"እናትሽ እዚያ አይደሉም እንዴ የሚኖሩት?" አለኝ። "ማሽን ዘመድ የለውም። ሄደሽ ማስረጃ ይዘሽ ነይ፤ ካልሆነ ካርታው እንዳለ ይጸድቃል።"

ብናገር ለእናቷ አዳላች እባላለሁ፤ ዝም ብል መንደሩን በገዛ እጄ ማስራቤ ነው። ፈራሁ፣ በእውነት ፈራሁ።

ቦታ የምንለካበትን የቢሮውን ጂፒኤስ ይዤ ወደ መንደራችን ሄድኩ። ዛፎቹ ቆመዋል፤ ከተመለመሉበት ላይ አዲስ ቅጠል አቆጥቁጠዋል። ደስ ብሎኝ ፎቶ እያነሳሁ ወደ ቤታችን ስቀርብ ጎረቤቶቻችን በራቸውን ዘጉ። ካርታው መቅላቱን ሰምተዋል፣ ያቀላሁትም እኔ መስሏቸዋል፤ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጣ ነበር የምታቅፈኝ።

"ዛሬ የመጣሽው ልጄ ሆነሽ ነው ወይስ ቢሮ ሆነሽ?" አለችኝ።

"ማሳሽን ላተርፍልሽ ነው የመጣሁት፣ እማዬ" አልኳት።

አልሰማችኝም። ዓይኗ ፊቴ ላይ አልነበረም፤ እጄ ላይ ያለውን ጂፒኤስ ነበር የምታየው። አንድ እርምጃ ስጠጋት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የወለደችኝ እናቴ እኔን ፈራች።