ከደሴ መካ፣ ከእናቴ ኩላሊት ጋር

ከደሴ የተነሣነው እሑድ ማለዳ ነበር፤ እኔና እናቴ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የመድኃኒት ቦርሳና ሁለት ባዶ የውሃ ኮዳ ይዘን። የምንሄደው ለዑምራ፣ መካ ሄዶ ለሚፈጸመው ዒባዳ ነው። ሌላም ጉዳይ ነበረን። ታናሽ እህቴ ዘሃራ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየቻት በስልክ ብቻ ነው። እናቴ ሰባ ዓመቷን አልፋለች፣ ኩላሊቷም ደክሟል። ሐኪሟ ጉዞውን የፈቀደላት በአንድ ማስጠንቀቂያ ነው። "ትንሽ ትንሽ እያለች ቀኑን ሙሉ ውሃ ትጠጣ። በዚያ ሙቀት ሰውነቷ ከደረቀ ኩላሊቷን ልናጣው እንችላለን" አለኝ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ሰው ነኝ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ፍርሃቴን ዕውቀት አስመስዬ እይዘዋለሁ እንጂ ያው ፍርሃት ነው። ከመነሣታችን በፊት ለሦስት ሳምንት የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚያወጡትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ሰነበትኩ። ሮኬት አለ፣ ድሮን አለ፣ ከግመል የሚይዝ በሽታ አለ፣ ፎቶ ማንሣት የሚያሳስርበት ቦታ አለ። እናቴን የማጅራት ገትርና የቢጫ ወባ ክትባት አስከተብኳት። ስሟንና የስልክ ቁጥሬን በዓረብኛ አስጽፌ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላት። ጎረቤታችን ጅዳ ላለች ልጇ የምናደርስላት በሶ በፌስታል ጠቅልላ ስታመጣ እዚያው ፊቷ ፈትቼ አየሁት፤ በአደራ ዕቃ ውስጥ ጫት ተገኝቶበት የታሰረ ሰው ወሬ ሰምቼ ነበር። ሴትዮዋ እስከዛሬ በደንብ ሰላም አትለኝም።

እናቴ ይህን ሁሉ እያየች ትስቅብኝ ነበር። "ልጄ፣ የምንሄደው ለዒባዳ ነው ወይስ ለዘመቻ?" አለችኝ።

ጅዳ፣ በኒ ማሊክ

አዲስ አበባ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ በረርን። ለዑምራ የሚለበሱትን ሁለቱን ነጭ የኢህራም ጨርቅ ለብሼ ስለተሳፈርኩ አውሮፕላኑ ውስጥ በረደኝና ብርድ ልብስ ለመንኩ። አስተናጋጇ ውሃ ስታመጣ እናቴ ተቀብላ ከንፈሯን ታስነካና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሳቤ ግን ድሮኑ ላይ ነበር።

ጅዳ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንወጣ ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈን። ዘሃራ በጥቁር ዓባያ ተሸፍና ከሰው መሀል መጣች። እናቴ አላወቀቻትም፤ "እማዬ፣ እኔ ነኝ" እስክትላት ድረስ አልፋት ልትሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው የቆሙበትን ጊዜ እኔ ሻንጣ በመጠበቅ አሳለፍኩት። አልቅሻለሁ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት።

"ማዳም አራት ቀን ኢጃዛ ሰጥታኛለች። ኢቃማዬም ታድሷል፣ ኸላስ፣ ማንም አይነካንም" አለችኝ ዘሃራ ፊቴን አይታ። ፈቃዷም የመኖሪያ ወረቀቷም መልካም እንደሆነ ስሰማ አንዱ ፍርሃቴ ቀለለኝ።

በታክሲ በኒ ማሊክ ሄድን። ዘሃራ ከሦስት የአገሯ ልጆች ጋር ለዕረፍት ቀናቸው የተከራዩት አንዲት ክፍል እዚያ አለች። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከየመስኮቱ የማቀዝቀዣ ውሃ አናት ላይ ይንጠባጠባል፣ ሱቆቹ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል። ዘሃራ ከታች ካለው ዳቦ ቤት የእኔን ክንድ የሚያህል ትኩስ ተሚስ ዳቦና ፉል በሰባት ሪያል ገዝታ መጣች። እናቴ ጥሩ አድርጋ በላች። "ውሃስ?" ስላት "ጠጥቻለሁ" አለች። ኮዳው ሙሉ ነበር፤ ዘሃራ የሞላችላት መስሎኝ ተውኩት።

ወደ መካ

ማክሰኞ ማለዳ በሰው ሃያ ሪያል በምታስከፍል መኪና ተነሣን። ከጅዳ ስንወጣ ባሕሩ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አሸዋና የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ኮረብታ ነው። ግመል ካየሁ መስኮቱን ልዘጋ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንድም አልነበረም። ኬላው ላይ ወታደር አስቆመን። የዑምራ ፈቃዳችንን በስልክ አሳየሁት። እሱ ግን እኔን ትቶ ጎንበስ ብሎ እናቴን አያት።

"ሐጃ፣ ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ" አላት፤ ዘሃራ ተረጎመችላት።

"የእናቱን ስም ጠይቂልኝና በስሟ አደርግለታለሁ" አለች እናቴ። ነገራት፤ አለፍን።

ያረፍነው ዓዚዚያ ነው። ሐጅ ሲደርስ አልጋ የማይገኝበት ሰፈር አሁን ጭር ብሎ ነበርና ሰፊ ክፍል በርካሽ አገኘን። ሻንጣ አስቀምጠን በአውቶቡስ ወደ ሐረም፣ ካዕባ ወዳለበት ታላቁ መስጂድ ወረድን። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ዑምራ የሚጀመረው ካዕባን ሰባት ጊዜ በመዞር ነው፣ ይህም ጠዋፍ ይባላል። ለዚህም እንደ ሶላት ውዱ ያስፈልጋል። ሰው ሽንቱን ከሸና ውዱው ይፈርሳል፤ ወጥቶ እንደገና መታጠብ አለበት። ሽንት ቤቶቹ ደግሞ ከመስጂዱ ውጭ ናቸው፣ መንገዱም ለአሮጊት እግር ሩቅ ነው።

ካዕባን ስናይ እናቴ እጇን ዘርግታ ብዙ ቆመች። መዞር ጀመርን። ሦስቱን ዙር በደንብ ሄደች። አራተኛው ላይ እጄን ጨበጠችኝ፤ እጇ ቀዝቅዟል።

"ሰዒድ፣ አባትህ የት ቀረ?" አለችኝ።

አባቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ከመጋረጃው ወዲህ

እናቴ ክንዴ ላይ ወደቀች። ዘሃራ በዓረብኛ ስትጣራ የመስጂዱ ሠራተኞች ወዲያው በተሽከርካሪ ወንበር አወጡን። በአቅራቢያው ባለ ክሊኒክ ግሉኮስ ተተከለላት። ሐኪሙ ምላሷን አየ፣ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ይቺ ሴት ውሃ ከጠጣች ሁለት ቀን ሳይሆናት አይቀርም። ዛሬ ደርሳችኋል፤ ነገ እንዲህ ካደረገች ግን ኩላሊቷን አልመልስላትም" አለ።

ልሟገተው አስቤ ነበር፤ አጠጥቻታለሁ ብዬ። ኮዳውን ከቦርሳው ሳወጣው ግን በኒ ማሊክ እንደሞላው ነው። በየሰዓቱ "ጠጣሽ?" እያልኩ፣ ኮዳው መጉደል አለመጉደሉን ግን አንድም ጊዜ ልብ አላልኩም። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ ነቅታ ለዘሃራ በሹክሹክታ ትነግራታለች። "ውዱዬ እንዳይፈርስ ነው። እዚያ መሀል ሽንቴ ቢመጣስ? ቢያመልጠኝስ፣ በአላህ ቤት? ለወንድምሽ ምን ብዬ ልንገረው?" ከአዲስ አበባ ጀምሮ ነው ያልጠጣችው።

ገባሁና ስለ ኩላሊት አስረዳኋት፤ እንዴት እንደሚያጣራ፣ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን። ተማሪዎቼ ሲሰለቻቸው የሚያሳዩኝን ፊት አሳየችኝ። "ነገ ጠዋፌን ልጨርስ። ከዚያ በኋላ እጠጣልሃለሁ" አለች። ኢህራም፣ ማለትም የዑምራ ሥርዓት ላይ እያለች ዑምራዋን ሳትፈጽም ወደ ደሴ አትመለስም፤ ሳትጠጣ ብትሄድ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ሐኪሙ ነግሮናል።

ዘሃራ ከቦርሳዋ ትንሽ የቡና ፊንጃን አወጣች። ከእኔ ኮዳ ውሃ ቀዳችባት።

"የማዳም እናትም እንዳንቺው ነበሩ" አለቻት። "ብርጭቆ ብሰጣቸው አይጠጡም። በዚህች ፊንጃን በየሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ። ሽንት ቤትም የምወስዳቸው፣ የማጥባቸው እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው እናት ወስጃለሁ፣ እማዬ። የራሴን እናት አንድ ቀን መውሰድ ነፈግሽኝ እኮ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ፊንጃኗን ተቀበለች።

ሁለተኛው ቀን

ረቡዕ የሱብሒ ሶላት እንዳለቀ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ገባን። ዘሃራ ቀድማ ሄዳ የቅርቡን የሴቶች ሽንት ቤትና የሚወስደውን በር አይታ መጥታለች። ሦስተኛው ዙር ላይ እናቴ ቆመች። የፈራችው ነገር መጣ።

"ያላ እማዬ" አለች ዘሃራ፣ እጇን ያዘችና ይዛት ወጣች። ምሰሶ ስር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ከአንድ ካልጀመርኩ ብላ ድርቅ አለች፤ ጀመርን። ስድስተኛው ላይ ደግሞ ወጣች። በዚህ ጊዜ ዘሃራ ጥያቄ ወደሚመልሱ አንድ ሼኽ ወሰደቻት፤ ካቆመችበት መቀጠል ትችላለች አሏት። "ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ" አለች እናቴ፣ በራሷ ተናዳ። ጨረሰች። የተባረከውን የዘምዘም ውሃ ስትጠጣ ማንም አልለመናትም። ከጠዋፍ የሚቀጥለውን፣ በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ያለውን ሰባቱን ምልልስ ዘሃራ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋቻት፣ መሀል ላይ አንድ ጊዜ ወጥተው ተመልሰው፣ ፈጸመችው።

ሐሙስ ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ዘሃራ ፊንጃኗን እናቴ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ወደ ማዳሟ ቤት ተመለሰች። እሷን እዚያ ትቶ መምጣት ከጉዞው ሁሉ ከበደኝ። ይህን የሚያቀልልኝ ነገር አላገኘሁም፤ ኮንትራቷ ሊያልቅ ዓመት ቀርቶታል፣ ከዚያ አገሬ ልገባ ነው ብላለች።

ደሴ

ከተመለስን በሳምንቱ የእናቴ ምርመራ ውጤት መጣ፤ ኩላሊቷ ከመሄዳችን በፊት እንደነበረው ነው። ሐኪሟ "ጥሩ ተንከባክበሃታል" አለኝ። የሠላሳ አገር ማስጠንቀቂያ ያነበብኩ ሰው፣ እናቴን "ምን ያሳፍርሻል?" ብዬ ለመጠየቅ አልታሰበኝም ነበር። የተማርኩት ይህን ነው።

ቅዳሜ የሰፈር ሴቶች ለዚያራ፣ እንኳን ደህና ገባሽ ሊሏት መጥተው ቤቱ ሞላ። ከእነሱ አንዷ፣ በመጪው ወር የምትሄድ፣ እዚያ በጣም የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ጠየቀች። ልመልስላት ጉሮሮዬን ስጠርግ እናቴ ቀደመችኝ። ለእኔ ለመንገር ያፈረችውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ጥሙን፣ መውደቋን፣ ሽንቷን። ከዚያ ተጓዧ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኋላስ፣ ስንት ጊዜ ወጣሽ?" አለቻት።

"ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ" አለች እናቴ። "ካዕባው የትም አልሄደም።"